የተረፈ እንክብል

ቅዳሜ ማለዳ ናዲያ በሩን ስታንኳኳ ሮማነወርቅ አንድ እግር ጫማዋን ብቻ አጥልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛውን ለማጥለቅ አቅም አጣች። ትናንት ልጇን ሃይሚን መርፌ ለማስወጋት ሆስፒታል ስትጉላላ ውላለች፤ ዛሬ ደግሞ ከየካ አባዶ ሾላ ገበያ ድረስ ሄዳ ቅመሟን መዘርጋት አለባት። የታክሲው ሰልፍ ገና ከቤት ሳትወጣ አደከማት።

«ሮሚ፣ ጀይላን ጉሮሮዬን ብሎ ሲያቃስት አደረ» አለች ናዲያ በሩ ላይ ቆማ። «ያ አምና የሰጠሽኝ እንክብል ትንሽ አይኖርሽም?»

ናዲያ ከብሎኩ ሥር ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ የጀይላን እናት፣ የአምስት ዓመት ጎረቤት። ሮማነወርቅ ደግሞ የለኝም ማለት የማይሆንላት ሰው። አሁን ግን ያ እንክብል ሲነሳ ቀልቧ ተገፈፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሃይሚ ጉሮሮዋን ታማ ምራቋን መዋጥ አቃታት። አንገቷ ሥር አብጦ፣ ትኩሳቱም አላስተኛ ብሏት የአሥር ቀን አሞክሳሲሊን ታዘዘላት። በአራተኛው ቀን ልጅት ሆዬ ገመድ ስትዘል ተገኘች። የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? እንዲያ ነው እንግዲህ የምናስበው። በዚያው ቀን ጀይላንም ጉሮሮውን ቢለው፣ ሮማነወርቅ የቀረውን የስድስት ቀን እንክብል በወረቀት ጠቅልላ ለናዲያ ሰጠች። ደስ ብሏት ነው የሰጠችው። ብሎኩም የሚኖረው እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ቤት የተረፈ ክኒን ለሌላው ይደርሳል።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሃይሚ ጉልበት አበጠ። ገመዱ ነው ተባለና በቅባት ታሸ። ቀጥሎ ክፍሏ እንጦጦ ፓርክ ሲሄድ፣ ዳገቱ መሐል ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች። ሐኪሙ የልቧ በር ተጎድቷል አለ። የጉሮሮው ባክቴሪያ በደንብ ሳይጠፋ ሲቀር፣ ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ብሎ የገዛ ልቡን ሊያቆስል ይችላል፤ ስለዚህ በየአራት ሳምንቱ መርፌ፣ እስክታድግ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። «መድኃኒቱን ጨርሳ ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት ሮማነወርቅ መሬት መሬቱን አየች።

ይህን ለናዲያ አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት? ሃይሚ በታመመች ቁጥር ሾርባ ይዛ ለምትመጣ ሴት፣ ያንቺ ልጅ የዋጠው የልጄን መድኃኒት ነው ትበላት? ዓመት ሙሉ ዋጥ አደረገችው።

«የለኝም» አለች።

«በቃ ሦስተኛ ፎቅ አይጠፋም፤ ልሞክር» ብላ ናዲያ ዞረች።

ዝም ማለትም ይቻል ነበር። ጫማዋን አጥልቃ ገበያዋ መሄድ ትችላለች፤ ደግሞስ ማን ይጠይቃታል? ግን ጀይላንም አንድ ቀን ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሲቀመጥ በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት።

«ተይ፣ ማንንም አትጠይቂ» አለቻት። «ያ የሰጠሁሽ የሃይሚ ነበር። ሳትጨርስ ነው ያስቆምኳት። ለልብ በሽታ የዳረጋት እሱ ነው።»

ናዲያ ግድግዳውን ተደገፈች። «የተረፈ ነው አላልሽኝም?» አለች።

«የተረፈ መስሎኝ ነዋ።»

ሾላ ለዛሬ ቀረ። ሁለቱ ጀይላንን ይዘው ጤና ጣቢያ ወረዱ። ሊሊሳ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን የልጁን ጉሮሮ በባትሪ አየ፣ አንገቱን ዳበሰ፣ ትኩሳቱን ለካ፣ ያስለዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ያስለዋል፤ አፍንጫውም ይፈሳል» አለች ናዲያ።

«ጉንፋን ነው እናቴ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጠው ያጉመጥምጡት፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ትኩሳቱ ከባሰ ወይ መዋጥ ካቃተው መልሰው ያምጡት።»

ተመስገን ብሎ መነሳት ነበር። ናዲያ ግን አልተነሳችም።

«አምናም እንዲሁ ነበር ያደረገው» አለች ቀስ ብላ። «ሳል ነበረው፣ ንፍጥ ነበረው፣ ድምፁም ተዘግቶ። ያኔ አሞክሳሲሊን ወስዶ ነው የዳነው።»

ሊሊሳ ካርዱ ላይ እየጻፈ ነው፤ ቀናም አላለ። «ባይወስድም ይድን ነበር» አላት።

ናዲያ ዞራ ሮማነወርቅን ማየት አልሆነላትም። እጇን ብቻ ሰደደችና የሮማነወርቅን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ሮማነወርቅ አላለቀሰችም። ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

ሊሊሳ እስኪርቢቶውን አስቀምጦ ቀና ሲል ሁለቱም እዚያው ናቸው።

«እርስዎስ?» አላት ሮማነወርቅን፣ ፊቷን አይቶ። «ምን ያምዎታል?»

«ምንም» አለች። «ደክሞኝ ነው።»