የታናሺቱ ደም

ደም የምትወስደውን ባለሙያ የሥራ ባልደረቦቿ «ቢምቢ» ይሏታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ መርፌዋ ሲገባም ሲወጣም አይታወቅም ለማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ክንድ ስትዳስስ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ብልቃጥ ተሳስቷት አያውቅም ነበር። ከስድስት ወር በፊት ግን አሳሳተች፤ ያውም ዓይኗ እያየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም መንትዮችን ያጠናል። አንዷ ታማ ሌላዋ ደህና የሆነችበት መንታ ካገኘ ደስታውን አይችለውም። በየስድስት ወሩ ደም ለመስጠት ከሚመጡት ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አሉ። ታላቂቱ በሃያ ደቂቃ ብትበልጥ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ታናሺቱ ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች። ዶክተሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ለልብስ ሰፊዋ በሚገባት መንገድ አስረድቷቸዋል።

«ከአንድ ጣቃ የተቆረጣችሁ ናችሁ፤ ዘረመላችሁ አንድ ነው። ግን ጭንቀቱም፣ ኑሮውም፣ ሕመሙም ላዩ ላይ ጥቃቅን ምልክት ይተዋል፤ አንቺ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታደርጊው። ጨርቁ ያው ነው፤ የቱ ይሠራ፣ የቱ ዝም ይበል የሚለው ነው የሚለያየው። አንጎላችሁን ከፍቼ ማየት አልችልም፤ ከደማችሁ ግን ትንሽ ፍንጭ አገኛለሁ።»

እንግዲህ ባለፈው ጊዜ ታናሺቱ መርፌውን ገና ስታይ ሮጣ ሽንት ቤት ገባችና ቆለፈች። መርፌ እንደ ሞት ነው የምትፈራው። እህቷ በሩን ብትደበድብ፣ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች! ከዚያ በፊትም አንዴ ቀርታለች፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ደግሞ ከጥናቱ ይወጣል። ከወጣች ዶክተሩን በየወሩ ማግኘት አበቃ፤ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ልትጠብቅ ነው፣ ወረፋው ደግሞ አያድርስ ነው። ታላቂቱ አንዱን ክንዷን ከሰጠች በኋላ ሌላውን ዘረጋች።

«ሲስተር፣ ስሞትልሽ፣ የእሷንም ከዚህ ውሰጂ። ያው አይደለን?»

ቢምቢን አንጀቷን በላቻት። ዘረመሉ ቢመረመር አንድ ነው፤ ማን ይነቃል? ቀዳችና የታናሺቱን ስም ለጠፈችበት።

ዛሬ ዶክተሩ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። ቢምቢ አዲስ ደም ልትወስድ ትሪዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዶክተሩ ፊቱ በርቷል።

«ታናሽየዋ ላይ የነበረው ምልክት ከእህቷ ጋር ቁርጥ አንድ ሆኗል! ምናልባት መድኃኒቱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ከየት ያያል? ከአንድ ሰው ሁለት ክንድ የተቀዳ ደም አስመርምሮ አያውቅም።

«ያ ደም የእኔ አይደለም» አለች ታናሺቱ ረጋ ብላ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእሷ። እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ።»

የዶክተሩ ፈገግታ ጠፋ። እስክሪብቶውን አነሣ። ሲጽፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ልማዱ ነው። «ደሜ የእህቴ ነው… ትላለች» እያለ ጻፈ። ቀጥሎም በለሰለሰ ድምፅ «መድኃኒቱን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን፤ ለጥቂት ቀንም እዚሁ ትተኛለሽ» አላት።

«እታለም፣ ንገሪው እንጂ!»

ታላቂቱ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ቢምቢም ትሪዋን። ታናሺቱ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የምትሰሚው ነገር የለም» ሲባል የኖረ ሰው የገዛ ትዝታውንም ማመን ይተዋል። ትከሻዋ ወረደ።

«ይቅርታ ዶክተር፤ ተሳስቼ ነው። አንዳንዴ እንዲህ ያደርገኛል።»

ቢምቢ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሥራዋ፣ ስሟ፣ አሥራ አራቱ ዓመት፣ ሁሉም በአንዴ ድቅን አለባት። ግን ይቺን ልጅ ውሸታም አድርጋ ወደ ቤቷ መሄድ አልቻለችም።

«ልክ ናት» አለች። «ሁለቱንም ከታላቂቱ የቀዳሁት እኔ ነኝ። እሷ እንዳለችው ሽንት ቤት ነበረች።»

ዶክተሩ የጻፈውን ገጽ ገነጠለ፤ ያፈረው በጥናቱ ይሁን በጻፈው፣ እሱ ያውቃል። ቢምቢን «በኋላ እንነጋገራለን» አላት። በኋላ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልጋትም። ታላቂቱ ተንሰቀሰቀች። «ከሐኪም እንዳትለይ ብዬ ነው እኮ!»

ታናሺቱ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል ክንዷን ዘረጋች።

«ቅጂኝ» አለች። «ስሜን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ቢምቢ ብልቃጡንና እስክሪብቶውን ሰጠቻት። ጭኗ ላይ አድርጋ ፊደሉን አንድ በአንድ ጻፈችና ለዶክተሩ ዘረጋችለት።

«ያንብቡት።»

ዶክተሩ ስሟን ጮክ ብሎ አነበበ።