ማንንም ያልያዙት ፊኛዎች

«‹ውሃ ለምን ጎበጠች?› ብሎ ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ። ‹ደክሟት ይሆናል፣ ቲቸር› አልኩት።»

ለቅሶ የተቀመጡት ሰዎች ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ተናጋሪው ኢንጂነር የሟቹ ተማሪ ነበር፤ ሟቹ ዕድሜ ልኩን ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው። ለቀብሩ ከውጭ አገር የመጣችው ልጁም ፈገግ አለች።

«በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅን ዙሪያ አራት የኤሌክትሮን ጥንዶች አሉ» አለች። «ሁለቱ ሃይድሮጅኖቹን ይይዛሉ። ሁለቱ ማንንም አልያዙም፤ ገፍተው የሚያጎብጧት ግን እነሱ ናቸው።»

አባቷ ይህን ያሳያት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው። አራት ፊኛ ነፍቶ አፋቸውን አንድ ላይ ሲቋጥር፣ ተገፋፍተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ማንንም ባልያዙት ጥንዶች ፋንታ ያደረጋቸውን ሁለቱን ጥቁሮች አስበልጦ ነፍቷቸው ነበር። «ያልታሰረ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለተማሪዎቼ እንኳ አላሳየሁም፤ ላንቺ የፈጠርኩት ነው፣ ሚጡ» አላት። ባሕር ማዶ ስትማር ፊኛዎቹን በየመማሪያ ክፍሉ አገኘቻቸው። አልተቀየመችውም። አባት ለልጁ የሚዋሸው ውሸት ነው ብላ እንዲያውም ወደደችው።

«ጥቁሮቹን ሲያስበልጣቸው!» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች፣ ሻርፕ የተከናነበች ወጣት። «አንዱ ፊቴ ላይ ፈንድቶ፣ አልቅሼ አላባራ ብዬ...»

«ክፍል ውስጥ?»

«እኛ ቤት ነው እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ።»

ከውጭ የመጣችው ልጅ የምታውቀው፣ ቅዳሜ አባቷ ከቤት የሚወጣው ማጠናከሪያ ሊያስተምር እንደነበር ነው። ኢንጂነሩ ባዶ ብርጭቆ ማማሰል ጀመረ። አክስቷ ጣሪያውን አየች።

«ምን ብሎ ነበር የሚጠራሽ?» አለቻት።

ወጣቷ አንገቷን ደፋች። «ሚጡ።»

ትልቋ ልጅ ተነስታ እናቷን ኩሽና ውስጥ አገኘቻት። «ሌላ ልጅ እንዳለችው ታውቂ ነበር?»

«ፊኛውን ሳይነፋልሽ በፊት።»

«ሁላችሁም? እኔ ብቻ ነኝ ሞኙ?»

«‹አባቴ፣ አባቴ› ስትዪ ፊትሽ ይበራ ነበር። ማን ያጥፋው? እኔ ላጥፋው?»

«አዎ፣ አንቺ!»

«እኔስ ማን ላይ ልጩኽ?» አለች እናቷ፣ የሻይ ትሪውን እያነሳች።

ሳሎን ሲመለሱ እናቷ መጀመሪያ ሻይ የሰጠችው ለወጣቷ ነው። «በሩ ጋ ይነፍስብሻል፣ ልጄ። ወደዚህ ግቢ።»

አግዳሚው ላይ የቀረው ቦታ ከትልቋ ጎን ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ ቦርሳዋ ተቀምጧል። ወጣቷ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቆመች።

ትልቋ ቀና ብላ አላየቻትም። ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ በሁለት እጇም አጥብቃ ያዘችው።