አስሜና የጠዋቱ ባቡር

ሰውየው ጨርቅ ፈታሽ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከኋላው መብራት በሚበራበት ሰፊ መስታወት ፊት ይቆማል፤ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ ያለቦታው የገባ ቀለም ፈልጎ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ጉድለት ሲያድን የዋለ ዓይን ደግሞ ማታ ቤት ሲገባም አርፎ አይቀመጥም። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ያያል። ጎረቤት “እንደምን አመሸህ?” ሲለው፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?” ይላል በሆዱ።

መኪናዋን ሲገዛማ አይጣል ነው። አብሮት የሄደው የሚስቱ ወንድም እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሻጩ ቁልፉን ዘርግቶ እንደቆመ፣ እሱ መኪናዋ ሥር ገብቶ ተጋደመ። ወጣ፤ ደግሞ ገባ። በመጨረሻ የገዛትም እንከን ስላላገኘባት ሳይሆን፣ ከእሷ የረከሰች መኪና በከተማው ስላልነበረች ነው። በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች የሚያውቅ የለም። ጠዋት ስትነሳ ሁለት ሦስቴ ስለምትስል የሰፈሩ ሰው “አስሜ” ብሎ ስም አወጣላት።

ከዚያ በፊት ባልና ሚስት በባቡር ነበር የሚሄዱት። ፋብሪካው ቅርብ ነው፤ ሚስቱ የሚደወለውን ስልክ ተቀብላ የምታዞርበት ሆስፒታል ግን ከፋብሪካው አልፎ ብዙ ጣቢያ ይርቃል። ፈታሹ ባቡሩን አያምነውም ነበር። ሲዘገይ ሆን ብሎ ነው፤ በሰዓቱ ሲመጣም የሆነ ነገር አለው። “በራሳችን መኪና፣ ከበር እስከ በር!” እያለ ነው አስሜን ያመጣት።

አስሜ ውስጥ ግን ወሬ የለም፤ ሬዲዮም የለም።

“ስሚ!” ይላል ገና መንገድ ሳይጀምሩ።

“ምኑን?”

“ጭር ጭር የሚለውን። በአንቺ በኩል ነው። እስቲ ጆሮሽን በሩ ላይ አድርጊልኝ።”

ታደርጋለች።

“አሁንስ?”

“ምንም አይሰማም።”

“እንዴት አይሰማም? ዝም በይና ስሚ!”

“ዝም ብያለሁ እኮ!”

ወራቱ እንዲህ አለፉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ቦርሳዋን እንዳነገተች ደጃፉ ላይ ቆመችና፣ “እኔ ዛሬ በባቡር ልሂድ” አለችው።

“ለምን?”

“መንገዱ ይዘጋጋል። እንዳላረፍድ ብዬ ነው።”

ማክሰኞ ጀርባዋን አመማት። ረቡዕ አስሜ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተቻት። ሐሙስ ላይ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። ፈታሹ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቀዋል። ጨርቅ ላይ አንዴ የታየ ግድፈት ድንገት ነው፤ በየክንዱ የሚደጋገም ግን ከማሽኑ ነው። የሚስቱ ምክንያት በየቀኑ ይቀያየር እንጂ መድረሻው አንድ ነው፤ ባቡር።

ባቡሩ ላይ ማን አለ?

ማጥናት ጀመረ። ማታ ስትገባ ፊቷ ፈካ ብሏል። ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ግራ ጉንጯ ላይ ደግሞ ቀላ ያለ መስመር ተጋድሟል፤ እራት እስኪቀርብ ይጠፋል። በማግስቱ ማታ መስመሩ ተመልሶ መጣ።

“ጉንጭሽ ምን ሆኖ ነው?”

ዳበሰችው። “ምን ሆነ?”

“እኔ ነኝ እኮ የምጠይቅሽ።”

“እኔንጃ” አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትገባ ፈገግ ያለች መሰለው።

ቅዳሜ የሚስቱ ወንድም ሊጠይቃቸው ሲመጣ ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ አወጣው።

“የእህትህ ነገር አላማረኝም።”

“ምን አደረገች?”

“በባቡር ትሄዳለች።”

“እና? ባቡር ምን ሊሠራ ነው የተሠራው?”

“መኪና እያላት!”

ወንድሟ ዘወር ብሎ አስሜን አያት፤ ስለ እሷ ያለውን ሐሳብ ግን ዋጠው። “አንተ ሰውዬ፣ እህቴን ልታገባ ስትል በጎን ጠርተኸኝ ‘የተደበቀ ነገር የለባትም?’ ብለህ የጠየቅከኝ አይደለህም?”

“ጥንቃቄ ነው።”

“ቀለበት ካሰርክ በኋላ እኮ ነው! ስማኝ ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ጮኻ አትጣላም። አንድ ቀን ዝም ብላ ሻንጣዋን ታነሳለች። እኔ አውቃታለሁ። ተዋት፣ በፈለገችው ትሂድ።”

ከዚህ ሁሉ ምክር ፈታሹ ጆሮ የገባችው አንዲት ቃል ናት፤ ሻንጣ። እሑድ ሚስቱ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አልጋው ሥር አጎንብሶ ሻንጣውን ጎተተና ከፈተው። ባዶ ነው። ባዶነቱ ይበልጥ አስደነገጠው። ብርድ ልብስ ነበረበት፤ ማን አወጣው? ለምን ተዘጋጀ? ብርድ ልብሱ በየሌሊቱ የሚለብሰው መሆኑ ትዝ ያለው ሻንጣውን መልሶ ከደበቀ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ልቡ አላረፈም። ሚስቱን ሊያጣ ነው፤ የሚወስዳት ደግሞ ባቡሩ ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቀድሟት ወጣ። አስሜን ከጣቢያው ጀርባ አቆማት፤ ትኬት ቆረጠ፤ ሚስቱ የገባችበት ፉርጎ በሌላኛው በር ገብቶ ከኋላዋ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘረጋ።

ሚስቱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ጫማዋን ከተረከዟ አላቀቀች። ቦርሳዋን መስኮቱ ላይ ደገፍ አደረገች፤ ግራ ጉንጯን ማንገቻው ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፈነች።

“አስመሳይ!” አለ በሆዱ።

አንድ ጎልማሳ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ፈታሹ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ጎልማሳው አዛጋ፤ በሚቀጥለው ጣቢያም ወረደ። በእሱ ቦታ አንዲት አሮጊት ተቀመጡ። ፈታሹ እሳቸውንም ጠረጠረ፤ መልእክት የሚያቀብሉ ቢሆኑስ? እሳቸውም ወረዱ። የፋብሪካው ጣቢያ ሲደርስ የሥራ ጓደኞቹ እየተጋፉ ሲወርዱ አንገቱን ቀበረ። ባቡሩ ቀጠለ። ሚስቱ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም፤ አፏ በትንሹ ተከፍቷል። እንዲህ ልቧ አርፎ ስትተኛ ካያት ቆይቷል።

ሆስፒታሉ ሲቃረብ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተስተካከለ ሰው ነው። ሌላውን ሰው ሁሉ አልፎ በቀጥታ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ ጎንበስ አለና ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት።

“እህቴ፣ ደርሰናል።”

ሚስቱ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። “ተባረክ።”

ያቺ ፈገግታ! ፈታሹ ከመቀመጫው እንዴት እንደተነሳ አያውቅም።

“እጅህን አንሳ!”

የፉርጎው ሰው ዘወር አለ።

“ምን አልከኝ?” አለ ተቆጣጣሪው።

“ሚስቴን ለምንድን ነው የምትነካት?”

“ጣቢያው እያለፋት ስትቸገር ቀስቅሰኝ ብላ ለምናኝ ነዋ! ባሏ ከሆንክ አንተ ቀስቅሳት፤ እኔ ገና ሌላ ፉርጎ ይቀረኛል።”

ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ “ባል ነው እንዴ? እኔ እኮ በጋዜጣው ሥር ሲያጮልቅ ሌባ መስሎኝ ቦርሳዬን ታቅፌ ነው የመጣሁት!” አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

“ለማንኛውም ትኬትህን” አለ ተቆጣጣሪው እጁን ዘርግቶ። ተቀበለና አገላብጦ አየው። “ይሄ እስከ ፋብሪካው ድረስ ነው። እሱን ካለፍነው ቆየን።”

እውነቱን ነው። የሰውን ጉድለት ሲለቅም የኖረ ሰው በልማድ የሥራውን ትኬት ነው የቆረጠው። ኪሱን መዳበስ ሲጀምር ሚስቱ ጫማዋን አጥልቃ ተነሳች፤ የጎደለውን ከፈለችና እሱን ሳታየው ወረደች።

መውጫው ጋ እየሮጠ ደረሰባት።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ?”

“ለእንቅልፍ እንደሆነ።”

ቆመች። ማንገቻው ጉንጯ ላይ ያተመው መስመር አሁንም ቀልቷል። “ባቡር ላይ ልተኛ ነው ብልህ፣ ‘ከማን ጋር?’ ነበር የምትለኝ።”

እንደሚላት ያውቃል።

“ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ የሰው ነው” አለች። “ሐኪሙን ስጪኝ ይሉኛል፤ እናቴ ነቅታ እንደሆን ጠይቂልኝ ይሉኛል፤ ያለቅሱብኛል፤ ይሰድቡኛል። ከዚያ ስወጣ አንተ ደግሞ ‘ስሚ፣ ስሚ’ ትለኛለህ። ባቡር ላይ ማንም ስሚ አይለኝም። ምስጢሬ ይኸው ነው። መኪናዋን ስትጠራጠር ቻልኩህ። እኔን ግን እንደ ጨርቅ አትፈትሸኝም። ለጊዜው እናቴ ጋ ነኝ። ካሰኘህ ተከተለኝ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።”

ሄደች።

የእናቷ ቤት ሩቅ አይደለም። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አስሜን አስነሳና እስከ መታጠፊያው ድረስ ነዳ። እዚያ አቁሞ አሰበ። ጥላዋን በመስኮቱ ቢያይ ዛሬን ልቡ ያርፋል። ነገስ? ከነገ ወዲያስ? ይህ ጨርቅ እንደሆነ ማለቂያ የለውም። አዙሮ ተመለሰ። በማግስቱ የፋብሪካውን ስልክ አነሳ፤ የሆስፒታሉን ቁጥር እስከ ግማሽ መታና ዘጋው። የሚስቱ ወንድም፣ “ምን አደረግካት?” ብሎ ሲመጣበት፣ “ፈተሽኳት” አለው። ወንድሟ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ፊቱን ሲያይ ግን ተወው።

ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ቦርሳዋን እንዳነገተች መግቢያው ላይ ቆመች።

“አልመጣህም” አለችው።

“አልመጣሁም።”

“አልጠረጠርክም ማለት ነው?”

“ጠርጥሬያለሁ” አለ። መዋሸት ይችል ነበር። “መታጠፊያው ጋ ደርሼ ነው የተመለስኩት።”

እሱ ጨርቅ በሚያይበት ዓይን ብዙ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ትናንት እናቴ ጋ አላደርኩም” አለች።

የት አደርሽ የሚለው ጥያቄ ከሆዱ ተነስቶ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከማን ጋር የሚለውም ከኋላው እየገፋ መጣ። ሚስቱ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ቦርሳውንም አላወረደችም። በሩ ከኋላዋ እንደተከፈተ ነው።

ፈታሹ ወንበር ሳበላት።

“እራት በልተሻል?” አላት።

ሚስቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

“አልበላሁም” አለችና ገባ ብላ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።