የሰው ባል ቅናት

ባሌ ክፍሉ አይቀናም። የኔ ችግር ይኸው ነው፤ ሌላ ችግር የለብኝም። አይጠጣም፣ አያመሽም። ምድር ባቡር ጋራዥ ግራሶ ሲነካካ ይውልና መጥቶ ይታጠባል፣ ሽርጡን ያገለድማል፣ በረንዳው ላይ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር ለጥፎ ይቀመጣል። ተኳኩዬ ስወጣ «ፀሐዩ ሳይበረታ ድረሺ» ይለኛል። የት ነው? ከማን ጋር ነው? አይልም። ኧረ አቦ! ሰው እንኳን ሚስቱን ጃንጥላውንም የት ገባ ብሎ ይጠይቃል።

ጎረቤቴን ሽታዬን እዩልኝ እስቲ። ግቢያችን አንድ ነው፣ የሚለየን ስስ ግድግዳ ብቻ። ባሏ ተሰማ፣ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ በሥራው መሃል ብስክሌቱን እያበረረ ይመጣና ሚስቱ ቤት መኖሯን አይቶ ይመለሳል። ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ከቆየች ዳቦ ሻጩን ሄዶ ያፋጥጠዋል። አንድ ቀን ደግሞ «ለማን ነው የምትኳኳይው?» ብሎ መስተዋቷን ከግድግዳ አውርዶ አደቀቀው። እኔ ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ሰማሁት። ሌላ ሴት ብትሆን ታዝንላት ይሆናል። የኔ አንጀት ግን ቅጥል አለ። ለኔ መስተዋት የሚሰብር ማን አለ?

ይኼን ነገር ከየት አመጣሽው ካላችሁኝ፣ ከመጋላ ነው። ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ነው። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የነጋዴው የዑመር ቤት ቪዲዮ አለ። ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ነው፤ እንዴት አለፈ ተብሎ አይጠየቅም። እሁድ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለብን። ስለ ሴቶች እኩልነት ይነገረናል፣ እናጨበጭባለን፣ ስማችን ይመዘገባል። እንዳለቀ ሽታዬና እኔ ሹልክ ብለን የደቻቱን አሸዋ እየረገጥን መጋላ ነን። ከስብሰባ መቅረት ስለሚያስጠረጥር ተሰማም ይቺን አንዷን መውጫ አይከለክላትም ነበር። ስብሰባው እስከ ማታ የሚቆይ ይመስለዋል።

የዑመር ሚስት መፍቱሃ ምንጣፉን ዘርግታ፣ የቡና ቅጠሉን በወተት አፍልታ ትጠብቀናለች። ድራማው የህንድ ነው፣ ተከታታይ። የተዋንያኑን ስም አንይዝም፤ ሚስቲቱን «ሙሽሪት»፣ ባልየውን «ባለ ነጭ ሸሚዙ» ነው የምንላቸው። ቋንቋውን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ የመፍቱሃ አጎት አው አብዱሰመድ። በወጣትነታቸው ኤደን ወደብ ከህንድ ነጋዴ ቤት ሠርተዋል። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጮክ ብለው ይተረጉሙልናል።

እንግዲህ አው አብዱሰመድ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። የወንዱን ንግግር አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩናል። የሚስቲቱን ግን አይሆንላቸውም። ሽማግሌ ሰው ሴቶች መሃል ተቀምጦ በሚስት አንደበት «ውዴ፣ እንዲህ አረግከኝ» እያለ መናገር ለሳቸው ነውር ነው። ስለዚህ ሙሽሪት አፏን ስትከፍት «ታለቅሳለች» ይሉናል። ብዙ ከተናገረች «አሁንም ታለቅሳለች»። እኛም ለምደነው ነበር፤ ከዚህ ሌላ ትርጉም መኖሩ ትዝ ብሎን አያውቅም።

አንድ እሁድ ባለ ነጭ ሸሚዙ ሙሽሪትን ከአትክልተኛው ጋር ስትስቅ አገኛት። በጥፊ አጮላት። ወደቀች። ፀጉሯን ይዞ አነሳትና ደገማት። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሙዚቃው መጣ፣ እግሯ ሥር ተንበርክኮ ተንሰቀሰቀ።

«‹የመታሁሽ ስለምቃጠል ነው› ይላል» አሉ አው አብዱሰመድ። «‹ሌላ ሰው ካየሽ እሞታለሁ› ይላል።»

«እሷስ?» አልኩ።

«ታለቅሳለች።»

«ወላሂ ይወዳታል!» አለች መፍቱሃ ደረቷን እየደቃች። ቤቱ ሙሉ ሴት አፍንጫውን ሳበ። እኔማ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ለሙሽሪት መሰላችሁ? ለራሴ ነው። ዞር ብዬ ሽታዬን ሳያት ዓይኗ ደረቅ ነው፣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛለች። ምን ይግረማት፣ አልኩ በሆዴ፣ እሷ ቤቷ በነፃ የምታየው ነው! ቅናት እንደ ቃር ወጣብኝ።

በዚያ ሳምንት ክፍሉን ላስቀናው ቆረጥኩ። መንገዳችን ዳር ሰማታር የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፣ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ። ክፍሉ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ተቀባብቼ ሄጄ ከማሽኑ አጠገብ ተገተርኩ። ክፍሉ ብቅ ሲል ራሴን ወደኋላ ጥዬ ተንከተከትኩ። ሰማታር ገና ምንም አላለም ነበር፤ ደንግጦ መርፌውን ለቀቀ።

ክፍሉ አጠገባችን ደረሰና ቆመ።

«ሰማታር፣ ያ ሱሪዬ አለቀልህ?»

«ነገ ኢንሻላህ።»

«ጥሩ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

«ዘነበች፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» አለኝ ሰማታር። ራት ላይ አኮረፍኩ። ክፍሉ ግንባሬን ዳስሶ «ሙቀቱ ነው» አለና ውሃ አመጣልኝ። ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ በከሰከሰው ደስ ባለኝ።

የሚቀጥለው እሁድ አው አብዱሰመድ አሟቸው ቀሩ። በሳቸው ቦታ የዑመር እህት ልጅ ሂቦ ተቀመጠች። ከጅቡቲ የመጣች ወጣት ናት፣ ማስቲካዋን እያኘከች፤ ከህንዶች ሱቅ ደጃፍ ነው ያደገችው፣ ቋንቋቸውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። መፍቱሃ «የት እንደደረስን ታውቂ ዘንድ ከዝናቡ ጀምሪልን» አለቻትና ካሴቱን መለሰችው።

ባለ ነጭ ሸሚዙ ተንበረከከ። ሂቦ የሱን ነገረችን፤ የምናውቀው ነው። ከዚያ ሙሽሪት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ታለቅሳለች» አልኩ እኔ ቀድሜ።

«የለም፣ እየተናገረች ነው እኮ!» አለች ሂቦ። «‹እግርህ ደጃፍ ላይ ሲሰማ ትንፋሼን እይዛለሁ› ትላለች። ‹የትኛው ቃሌ እንደሚያስመታኝ ስለማላውቅ ዝም ማለት ተማርኩ። ዝም ስልም መታኸኝ› ትላለች።»

መፍቱሃ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ባልየው እንባውን ጠርጎ ፈገግ አለ፣ ሙሽሪትም አንድ ነገር ጨመረች። ሂቦ ቃሉን በአማርኛ እያሰበች ሳለ፣ ከጎኔ ድምፅ መጣ።

«ስትስቅም እፈራሃለሁ።»

ሽታዬ ናት። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

«ውይ፣ ልክ እሱን ነው ያለችው!» አለች ሂቦ። «ህንድኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም» አለች ሽታዬ።

ክው አልኩ። መፍቱሃ ተነስታ ሳትናገር የሽታዬን ነጠላ ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች፤ የቆየም ያልቆየም ሰምበር ነበር። ስንት ጊዜ ወንበር ከግድግዳው ማዶ ሲወድቅ ሰምቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ተሰማ ሲጮህ፣ ከዚያም ሲለምን ሰምቻለሁ። ሁሉም የሱ ድምፅ ነው። የሷን ድምፅ አንድም ቀን ሰምቼ እንደማላውቅ ያን ሰዓት ነው ልብ ያልኩት።

ስንመለስ ሰማታር መንገድ ላይ ጠበቀን። «ተሰማ ቀበሌ ሄዶ፣ ስብሰባው ከተበተነ ቆየ፣ ወደ መጋላ ተሻግረዋል ብለውታል። በየቤቱ እየፈለጋት ነው» አለን። ሽታዬ ቆመች። «እኔ ቤት አልገባም። ዛሬ ከገባሁ አልወጣም፣ ዘኑዬ» አለችኝ። እናቷ ያሉት አሰበ ተፈሪ ነው፣ እስከ ነገ መኪና የለም። ምን ላድርግ? እጇን ይዤ ቤቴ አስገባኋትና ጓዳ አስቀመጥኳት።

ለክፍሉ ነገርኩት። ሬዲዮውን አጠፋ። ዜና ሳያልቅ ሬዲዮ ሲያጠፋ አይቼው አላውቅም። ተነስቶ ሸሚዙን ለበሰ፣ በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። በዚያች ሰዓትም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ቀናሁ። ለኔ ከወንበሩ ያልተነሳ ሰውዬ ለሰው ሚስት ሲነሳ!

ተሰማ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ ወርውሮ መጣ።

«ጋሽ ክፍሉ፣ ሚስቴን ጥራልኝ።»

«ተረጋጋ፣ ወንድሜ። ዛሬ እዚህ ታድራለች። ነገ ሽማግሌ ባለበት እንነጋገራለን።»

«ምኗ ነህ አንተ? ምኗ ስለሆንክ ነው?»

«ጎረቤቷ ነኝ።»

ተሰማ ሊገፋው ሞከረ፤ ክፍሉ ግን ስንት ዘመን ብረት ያነሳ ሰው ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ያን ጊዜ ተሰማ ወደኋላ አለና በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

«አንተ የራስህን ጠብቅ! ከሰማታር ጋር መንገድ ላይ ስትገለፍጥ አገር አይቷታል! ስብሰባ እያለች መጋላ የምትውለው ማን ጋ ይመስልሃል? ሚስቴንም ያበላሸችብኝ እሷ ናት!»

ክፍሉ በሩን ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን ጣለ። ውጪ ተሰማ በሩን ደበደበ፣ ከዚያ የጎረቤቶቹ ድምፅ «ና ውጣ፣ ተው፣ ነውር ነው» እያለ እየጎተተ ወሰደው። ክፍሉ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

ስመኛት የኖርኳት ሰዓት ይቻት፤ መጣች። ባሌ በሰው ፊት ስለኔ ተነገረው። ፊቱ ጠቁሯል፣ የመንጋጋው አጥንት ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደኋላ ሸሸሁ፣ ጀርባዬ ከቁምሳጥኑ ጋር እስኪላተም። ዓይኔ ፊቱን ትቶ ወረደ፣ ቀኝ እጁ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ክፍሉ የት እንደማይ አየ። እሱም አንገቱን ደፍቶ እጁን አየው። ቀና ሲል ጥቁረቱ ከፊቱ ላይ የለም፤ የተደበደበው እሱ ነበር የሚመስለው።

«ዘኑ» አለ፣ ድምፁ እየተቆረጠ፣ «እጄን ነው እንዴ የምታዪው?»

ከቁምሳጥኑ አልተላቀቅኩም። ክፍሉም አልቀረበኝም፤ ሁለቱንም እጆቹን ወደኋላው አድርጎ እዚያው በሩ ሥር ቆመ።