የማያቃስት በሽተኛ

አባቴ አላቃስት አለ። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እንጅባራ ላይ በሽተኛ እንዴት እንደሚጠየቅ መቼም ታውቃላችሁ። ጠያቂው "እንዴት ዋልክ?" ይላል፣ በሽተኛው "እህህ" ይላል፣ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። የኛው ግን ወገቡን ባሕር ዳር ተቀዶ በመጣ በሳምንቱ "ደህና ነኝ፣ ተቀመጡ" ይላል። ሰዉ ግራ ገባው። እናቴማ ጠጋ ብላ "አወቀ፣ ትንሽ እንኳ አቃስት እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል?" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከፈረስ ወድቆ በወገቡ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቩን ተጭኖት ነበር፤ እግሩን እንደ እሳት ሲለበልበው ከረመ። ሐኪሙ ያንን ካነሳለት በኋላ፣ ከመስፋቱ በፊት፣ እብጠትና ሕመም የሚያበርድ መድኃኒት የጠጣች ትንሽ ስፖንጅ እዚያው ነርቩ አጠገብ አስቀመጠለት። ስፖንጇ ቆይታ ራሷ ትሟሟለች። መድኃኒቱ እንደ ኪኒን በሆድ ዞሮ አይደለም የሚደርሰው፣ የሚያመው ቦታ ላይ ነው ያለው። አስታማሚዋ እኔ ስለነበርኩ ሐኪሙ ያስረዳው ለእኔ ነው። "አላመመውም ማለት ድኗል ማለት አይደለም፣ ውስጡ ገና ቁስል ነው። በየቀኑ ይራመድ። ወገቡን ግን ማንም እንዳያሽ፣ እግሩን ሊያጣ ይችላል" አለኝ።

ይሄንን ለጠያቂ ሁሉ ስለፈልፍ ሰነበትኩ። ትናንት ትምህርት የጨረሰችን ልጅ ማን ይሰማል?

ቅዳሜ አያ ቢሻው መጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ አባቴን ያሳደገው እሱ ነው። ወጌሻውን አባባ ይሄነውን ከነቅቤው አስከትሏል።

"ሐኪሞቹ ነርቩን ገድለውታል" አለ ገና ሳይቀመጥ። "የተቀደደ ሰው እንዴት አያመውም? ካልታሸ ሽባ ሆኖ ነው የሚቀር። አወቀ፣ በሆድህ ተገልበጥ።"

አባቴ ፈረሰኛ ነው፣ ደፋር ነው። ወንድሙን ግን እምቢ ብሎት አያውቅም። መዞር ሲጀምር በአልጋውና በወጌሻው መሃል ገባሁ።

"አይነካም።"

"ማነሽ አንቺ?"

"የሱ አስታማሚ።"

"አስታማሚ ውሃ ታቀብላለች እንጂ ትእዛዝ አትሰጥም።"

"አያ ቢሻው፣ ያላመመው ነርቩ ሞቶ አይደለም። መድኃኒቱ እዚያው ስላለ ነው፣ በስፖንጅ።"

"ወገቡ ሳህን ነው እንዴ ስፖንጅ የሚገባበት?" አለ። ወጌሻው ሳቀ።

ወደሱ ዞርኩ። "አባባ ይሄነው፣ ልጅ ሳለሁ የተወለቀ ክንዴን ሲያሹ 'እዚህ ነው? እዚህ?' እያሉ ቦታውን ያገኙት በጩኸቴ ነበር። አባቴ አይጮህም። ውስጡ ቢበጠስ በምን ያውቃሉ?"

ወጌሻው ሊከፍተው የነበረውን የቅቤ ክዳን መልሶ ገጠመው።

አያ ቢሻው ሲናደድ ወደ አገውኛ ይሻገራል፤ ተሻገረ። ከዘራውንም አነሳ። እኔም በአገውኛ "ከመቱኝም ይምቱኝ፣ ከዚህ አልነሳም" አልኩት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ለአባቴ "አባዬ፣ መራመጃህ ደርሷል፣ ተነስ" አልኩት።

አየኝ። ወንድሙን አየ። ሐኪሙ እንዳሳየን በጎኑ ዞሮ፣ እግሩን አውርዶ፣ በክንዱ ገፍቶ ተቀመጠ። ክንዴን ይዞ ቆመ። ላቡ ችፍ ብሏል።

"አያ፣ አልገለበጥም" አለው። "ሞተ ባልከው እግር ልወጣ ነው፣ መንገድ ልቀቅልኝ።"

አያ ቢሻው ከበሩ ገለል አለ። እያዘገምን የቀርከሃውን አጥር ይዘን ስንሄድ፣ ወንድምዬው ደህና ዋሉም ሳይል አልፎን ወጣ፣ ወጌሻውም ከኋላው።

አሁን እናቴ "ሄደሽ የአያ ቢሻውን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ" እያለች ትነዘንዘኛለች። አልሄድም። እሱ ከመጣ ወንበር አቀርብለታለሁ፣ አክብሬ አስተናግደዋለሁ። አልጋው ጋ ግን እኔ ነኝ የምቀመጠው።