የፋዱሞ ፊት

ፋዱሞ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇን አየር ላይ አቆመችው።

"ቆይ እስቲ። መጀመሪያ አሳየኝ።"

"ምኑን ሆዮ?" አለ ሉቅማን። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቴ ብሎ የሚጠራት እንዲህ በሶማሊኛ ነው።

"ፊቴን ነዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ አገር ያየውን እኔ ብቻ አላየሁትም። ያላየሁትን ዕቃ አልሸጥም።"

ሉቅማን ግንባሩን ጠረገ። የድሬ ሙቀት ነው እንዳይባል ተወልዶ ያደገበት ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ለዚህች ጣት ነው። አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የጎርፍ ዋስትና የሚሉት ነገር ጀምሯል። ለማስታወቂያው ደግሞ የደቻቱ ወንዝ በሞላበት ዓመት ሉቅማን የቀረጸውን የፋዱሞን ለቅሶ ፈልጓል። አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ። ለአሥራ አንድ ሰከንድ ይህ ሁሉ መንገድ ይኬዳል? ሥራ ያጣ ሰው ይሄዳል። ተከታታይ ድራማው ስፖንሰር አጥቶ ከቆመ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ፊልም ሠርቷል፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበረው፣ የሳሙናውም የብስኩቱም ማስታወቂያ የእሱ ነበር። ስሙ ትልቅ ነው። ትልቅ ስም ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የዚያ ስም መነሻ ደግሞ ያው ለቅሶ ነው። ያኔ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ ነበር። ደቻቱ የፋዱሞን ባል፣ የምድር ባቡር ሠራተኛውን ሂርሲን፣ ሲወስድ ካሜራ የያዘ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ መጣ። አንዱም ግን ፋዱሞ ቤት አልገባም። ዒዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባትን ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ባዳ ወንድ ፊቷን አያይም። ሉቅማን ግን ባዳ አይደለም። እናቱ በወለደችው በሳምንቷ ታማ ስትተኛ፣ ፋዱሞ ከበኩር ልጇ ጋር እኩል አጥብታዋለች። የጡት ልጅ እንደ ማህፀን ልጅ ነው፤ በር አይዘጋበትም። እሱም ካሜራውን ይዞ ሰተት ብሎ ገባ።

"አቦ ክፈተው!" አለች ሂባቅ፣ በሩን ተደግፋ። የፋዱሞ ትንሿ ልጅ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ፈረቃዋ የከሰዓት ስለሆነ ቤት ነበረች። "ለአገር ስታሳይ ያልፈራህ እኛ ፊት ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

"አፍሽን ያዢ! ወንድምሽ ነው" አለች ፋዱሞ።

"ወንድሜ ከሆነ በሃያ ዓመት ስንቴ ይህን በር አንኳኳ?"

ሉቅማን ድሬ ሦስት ጊዜ ለሥራ መጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ ከዚራ ሰፈር ሆቴል አድሮ ተመልሷል። ላፕቶፑን ከፈተና ወደ ፋዱሞ አዞረው።

ስክሪኑ ላይ ወጣቷ ፋዱሞ ነጭ መሸፈኛዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ፊቷ ወለል ብሎ፣ "ሂርሲ! ለማን ጥለኸኝ!" ትላለች። አሮጊቷ ፋዱሞ ዐይኗን ሳትነቅል አየቻት። ቀለም የነካው ጣቷ ድሪያ ቀሚሷን እንዳያቆሽሽ ከፍ እንዳለ ነው።

"ይሄ ሁለተኛው ነው" አለች ሲያልቅ።

"እንዴት?"

"ሁለተኛው ለቅሶ ነዋ! የመጀመሪያውን ተሸፍኜ ነበር ያለቀስኩት። ድምፁ አልገባም፣ ማሽኑ ተበላሽቶብኛል፣ መሸፈኛሽን አውርጂና ድገሚልኝ አልከኝ። የመጀመሪያው ለሂርሲ ነበር። ይሄ ላንተ ነው፤ የልጄ ሥራ እንዳይበላሽ ብዬ።"

ሉቅማን ላፕቶፑን ከደነ።

"ስንት ነገር ሰማሁ መሰለህ። የሂርሲ ወንድሞች ከቢዮ አዋሌ ድረስ መጥተው፣ በዒዳሽ ፊትሽን ገበያ አወጣሽ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እግራቸው እዚህ ቤት አልደረሰም። ይቺ ልጅ አጎቶች እያሏት ያለ አጎት አደገች። አንተን ግን አላስነካሁም! ፊቴን ለልጄ ነው የገለጥኩት፣ ማሽን ተበላሽቶበት ነው፣ እሱ እያወቀ አያደርገውም አልኳቸው። ዛሬም ቢመጡ ያንኑ እላለሁ።"

ሰው ሲሰድቡት መልስ አያጣም። ሳይገባው ሲመሰክሩለት ነው የሚገባበት የሚጠፋው። ሉቅማን እስከ ጆሮው ጋለ። ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር። ድምፁ በመጀመሪያውም ጥርት ብሎ ገብቷል። ያጣው ፊቷን ነው። ፊት የሌለው ለቅሶ ማን ያይልኛል ብሎ፣ ዒዳ ምን እንደሆነ እያወቀ፣ ዋሻት።

ፋዱሞ ጣቷን እንደገና ቀለሙ ላይ ጫነች። "ደርቋል መሰለኝ። በል፣ የቱ ጋ ነው? ብሩን ከሰጡኝ የጣራውን ቆርቆሮ እቀይርበታለሁ።"

ጣቷ ሲወርድ ሉቅማን ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው። አሻራዋ እጁ ላይ አረፈ።

"ዋሪያ፣ አንተ ልጅ! ምን ሆነሃል? እጅህን አበላሸሁት እኮ!"

"ሆዮ፣ ማሽኑ አልተበላሸም ነበር።"

"የቱ ማሽን?"

"ያኔ። ድምፁ ገብቶ ነበር። ፊትሽን ፈልጌ ነው የዋሸሁሽ።"

ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ።

"ወላሂ፣ ገና ድሮ ጠርጥሬ ነበር" አለች ሂባቅ።

ፋዱሞ አልተቆጣችም፣ አልተራገመችም። ትከሻዋ ላይ የነበረውን መሸፈኛ በንጹሑ እጇ ሳበችና ፊቷን ሸፈነች። በዚህ ዕድሜዋ ከማን ልትሸፈን? ከሉቅማን። ያጠባችው ልጅ ፊት እንደ ባዳ ተሸፍና ተቀመጠች።

ከመሸፈኛው ሥር ድምፅ መጣ። "ለሰዎችህ እምቢ አለች በላቸው። አሮጊቷ አስቸገረችኝ በል። በኔ ሰበብ እንጀራህ እንዳይቆረጥ።"

ሉቅማን ቢሰደብ በወደደ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። ናሲር ነበር፣ ማስታወቂያውን ከሚያዘጋጀው ድርጅት ሥራውን የሰጠው ሰው።

"እሺ ዳይሬክተር፣ ፈረመች?"

"አልፈረመችም።"

"እምቢ አለች? አይ አሮጊቶች! በቃ አትጨነቅ፣ እምቢ ካለች ባንተ አይፈረድም። ሌላ ሥራ አለ፣ ሰኞ ቢሮ ና።"

ሉቅማን ተነስቶ ወደ በሩ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሂባቅ ገለል አለችለት። ውጭ ወጥቶ "አዎ፣ እምቢ አለች" ቢል ማንም አይሰማውም።

ተመልሶ ፋዱሞ ፊት ተቀመጠ።

"እሷ እምቢ አላለችም፣ ናሲር። ልትፈርም ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።"

"አንተ? ለምን ብለህ?"

"ያንን ምስል ያገኘሁት ዋሽቼ ነው" አለ፣ ሁለቱ ሴቶች እንዲሰሙት ድምፁን ሳይቀንስ። "እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።"