ካዲላኳ በኦቦ ጅሩ ደጅ

ወልደሰንበት አልተነገረውም እንዳይባል ተነግሮታል። የሠርጉ ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ፣ በጡረታ የተገለሉት መምህር፣ ጉደር ድረስ ሄደው የሙሽራዪቱን አያት ኦቦ ጅሩን አነጋግረው ሲመለሱ፣ ሻያቸውን እየማጉ «ኦቦ ጅሩ ጋጋታ አይወዱም። ያቺን ትልቋን መኪና ይዛችሁ አትልፉ፣ ቀለል ባለ ነገር ኑ ብለዋል» አሉት። እንግዲህ «አትልፉ» የተባለ ሰው አምቦ ውስጥ ምን ያደርጋል? ይለፋል እንጂ! «በቃኝ» ያለ እንግዳ በግድ እንደሚጎርስ፣ «ምንም እንዳትይዙ» ያለ ባለቤት ባዶ እጅ የመጣውን እንደሚያማ ማን ያጣዋል? ወልደሰንበትም «አይ ጨዋነት! እንዲህ ያለ አማች ይስጥህ» ብሎ ሳቀ፤ የልጁ የዮሐንስ ሠርግ ግንቦት ላይ ነውና ካዲላኳን እያጠበ፣ እየወለወለ ሰነበተ።

ካዲላኳን የማያውቅ የአምቦ ሰው የለም። የወልደሰንበት አያት ቀኛዝማች በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ሲያስመጧት ጥቁር ነበረች፤ ከኋላዋ ክንፍ የቆመላት፣ ርዝመቷ መንገድ የሚዘጋ። ያኔ ካዲላክ ማለት የንጉሥና የፕሬዚዳንት መኪና ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የአንድን ዕቃ ጥሩነት ሲያወሩ «የራዲዮ ካዲላክ፣ የምጣድ ካዲላክ» ይሉ ነበር አሉ። ደርግ መጣ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ካዲላክም ስድብ ሆነች። ቀኛዝማች በብስጭት ሞቱ። የወልደሰንበት አባት ጎማዋን አውልቆ ጓሮ ጣላት፤ ዶሮዎቹም የቀኛዝማች ወንበር ላይ ጣሉ፣ ታቀፉ፣ ፈለፈሉ። ጉድ እኮ ነው!

ደርግ ሲወድቅ ወልደሰንበት መካኒክ ሆኖ ነበር። ከዶሮ ኩስ ውስጥ አወጣት፣ ቆርቆሮዋን ቀጠቀጠ፣ ነጭ ቀባት። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ የሚያገባ ሁሉ «ካዲላኳ ከሌለችማ!» ይል ጀመር። ዘመን አይታመንም፤ ቪ-ኤይት የሚሉት ግዙፍ መኪና መጣና እሷ ደግሞ አሮጊት ተባለች። ዮሐንስ ከስልኩ እያነበበ «አባዬ፣ አሜሪካም እኮ የጡረተኛ መኪና ሆና ነበር፤ ወጣቱ የጀርመኑን ነው የሚያየው፤ አሁን ነው ስሟን ለመመለስ የሚታገሉት» ቢለው አንድ ቀን ሙሉ አኩርፎት ዋለ። መንገድ ላይ ጎማ ይቃጠል በነበረባቸው ዓመታትማ በሸራና በገለባ ሸፍኖ ደብቋታል። አሁን በ2011 ትንሽ ጋብ ሲል፣ ካዲላክ እያለው ልጁን በሚኒባስ ይዳር? አይሆንም!

የሠርጉ ቀን ኦቦ ቱፋ ኮታቸውን ለብሰው ከአምቦ መውጫ፣ ከቤታቸው ደጅ ሲጠብቁ፣ አበባ ያጠለቀችውን ካዲላክ አይተው ክው አሉ።

«ወልዴ! ምን ማድረግህ ነው?»

«ምነው? አላማረችም እንዴ ኦቦ ቱፋ?»

«አትምጡባት ብዬህ የለም ወይ!»

«አትልፉ ነው ያሉኝ። ልፋቱን እኔ ቻልኩት፤ ይግቡ፣ ይግቡ።»

ከኋላ የአጃቢው መኪኖች ጥሩንባቸውን ለቀቁት። ኦቦ ቱፋ መሪውን ከያዘው ከወልደሰንበት ጎን ገቡ። የኋላ ወንበር ላይ ዮሐንስና ሁለት ሚዜዎች እየዘፈኑ በስልካቸው ይቀርጻሉ። ሽማግሌው ወደ ወልደሰንበት ጆሮ ጠጋ ብለው፣ በይሉኝታ ውጠውት የቆዩትን ነገር አንድ በአንድ ተፉት።

ክረምት በመጣ ቁጥር ይቺ መኪና ከኦቦ ጅሩ ደጅ በታች ያለው ረግረግ ውስጥ ትሰምጥ ነበር። የቀኛዝማች ጭሰኞች፣ ኦቦ ጅሩም ጭምር፣ ከእርሻቸው እየተጠሩ ይገፏታል። ቀኛዝማች ከውስጥ አይወርዱም። አንድ ቀን የኦቦ ጅሩ ታላቅ ወንድም ለሜሳ አዳልጦት ወደቀ፤ መኪናዋም ወደ ኋላ ተንሸራታ እግሩ ላይ ወጣች። ጮኸ። የቀሩት እንደምንም ገፍተው ሲያወጧት ቀኛዝማች ሳይቆሙ ሄዱ። ለሜሳ በአንድ እግሩ ኖሮ፣ ሚስት ሳያገባ ሞተ።

«ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ኦቦ ጅሩ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ልጄን እሰጣለሁ፤ ሰው በአያቱ ጥፋት አይጠየቅም። ያቺ መኪና ግን ደጄን አትርገጥ። ከረገጠች ኤባ የለም።› ይኸውልህ።»

ኤባ ምርቃት ነው። የአያት ኤባ ያልተቀበለች ሙሽራ ከዚያ ቤት አትወጣም፤ ብትወጣም ዕድሜዋን ሙሉ ሲቆጫት ትኖራለች። የሁለቱ ወገን የሃይማኖት ልዩነት እንኳ ስንት ተለፍቶበት፣ ስንት ተለምኖበት ነው እዚህ የተደረሰው።

«ይህንን አልነገሩኝም!» አለ ወልደሰንበት።

«እንዴት ልንገርህ? ሻይህን እየጠጣሁ፣ የገዛ አያትህን ፊት ለፊት ልስደብልህ?»

ወልደሰንበት እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ልዙር ቢል፣ የሙሽራ መኪና ወደ ኋላ አይዞርም፤ ገድ አይደለም፤ ከኋላውም መንገዱን የሞላው አጃቢ አለ። በመስታወቱ ልጁን አየው። ዮሐንስ አፉ እስከ ጆሮው ነው። ለሙሽራዪቱ ለቢሊሴ ብሎ ስንት ዓመት የታገሠ ልጅ! «ወይኔ ልጄን፣ በገዛ እጄ!» አለ በሆዱ። ጉደር ስደርስ አስፋልቱ ዳር አቁሜያት፣ ወደ ውስጥ በእግራችን እንገባለን ብሎ ቆረጠ፤ ይህን ሲያስብ ትንሽ ትንፋሽ አገኘ።

ሰው ያስባል እንጂ! ጉደር ሲደርሱ የሙሽራዪቱ መንደር ወጣት በሙሉ እየዘፈነ አስፋልት ድረስ ወርዶ ጠበቃቸው። ካዲላኳን ሲያዩ እልልታው ቀለጠ። ከበቧት፣ ኮፈኗን እየመቱ፣ እየጨፈሩ ወደ ኮረኮንቹ አስገቧት። ወልደሰንበት በመስኮቱ «እንውረድ፣ እዚህ እንውረድ» ቢል ማን ሰምቶት። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ስላደረ መንገዱ ላቁጧል። ረግረጉን በስንት መከራ አልፈው ደጁ ላይ ደረሱ።

እንደ ወጉ ልጃገረዶቹ ደጁን ዘግተው፣ ሠርገኛ አናስገባም እያሉ በዘፈን ይጫወታሉ። ሚዜዎቹ እየሳቁ ይለምናሉ። ያን ጊዜ ነው ኦቦ ጅሩ በትራቸውን ተመርኩዘው ብቅ ያሉት። ዘፈኑ ከፊት ወደ ኋላ እየቀዘቀዘ ሄደ። ጨዋታ የነበረው መዝጋት የምር ሆነ።

ሽማግሌው ካዲላኳን ዞሯት። ክንፏን በበትራቸው ነካ አደረጉት።

«ነጭ ቀባሃት» አሉ።

«አዎ፣ ኦቦ ጅሩ» አለ ወልደሰንበት፤ ከመኪናው መቼ እንደወረደ አያውቀውም።

«እኔ እንደሆነ በሌላም ቀለም አውቃታለሁ። ቱፋ አልነገረህም?»

ወልደሰንበት ወደ ኦቦ ቱፋ ዞረ። መምህሩ መሬት መሬት ያያሉ፤ ሽበታቸው ያሳዝናል። «አልነገሩኝም» ቢል ራሱ ይድናል፣ እኒህ ሰውዬ ግን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያልቅላቸዋል።

«ነግረውኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ቱፋን አውቀዋለሁ። ቃሌን ስኳር ነስንሶ ነው ያመጣልህ» አሉ ኦቦ ጅሩ። ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ያ መጠበቅ! ሰማዩ ጠቁሯል። ቢሊሴ ቬሎዋን እንደለበሰች በረንዳ ላይ ቆማ እንባዋ ይወርዳል። ዮሐንስ ወደ አባቱ መጥቶ «አባዬ፣ ምንድን ነው የሆነው?» ሲለው ወልደሰንበት «እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ» ብቻ አለው። ከሚዜዎቹ አንዱ «ሌላ መኪና እናምጣ» ሲል አንዲት ሴትዮ «አሁንማ ምን ዋጋ አለው፣ ደጁን ረግጣለች» አለች። ወልደሰንበት ሰላሳ ዓመት የኮራባትን መኪና አየና ምነው ዶሮዎቹ ጋር በቀረች ብሎ ተመኘ።

ኦቦ ጅሩ ተነሡ።

«ሞተሯ አይነሳም» አሉ። «ልጄና ባሏ ይገባሉ። እኔም እገባለሁ፤ ስንት ክረምት ስገፋት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩባትም። ቱፋ ቃሌን እንዳጣመመ መሪዋን ያቅና። ያንተ ወገን ከደጄ፣ በረግረጉ አልፎ፣ እስከ ማዶው ዳገት አናት ይግፋን። ኤባውን እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ።»

ዮሐንስ ሊገፋ ሲል ሽማግሌው «ዲሲ፣ ተው፤ ያንተ ዕዳ አይደለም» ብለው እጁን ይዘው ከቢሊሴ ጋር አስገቡት፤ ራሳቸውም ገቡ።

ወልደሰንበት የሠርግ ኮቱን አውልቆ ክንፏ ሥር ገባ። ሚዜዎቹም፣ አጎቶቹም፣ ከአምቦ የመጡት ነጋዴዎችም ትከሻቸውን ሰጡ። ስትታይ የምታምር መኪና ስትገፋ ተራራ ናት። ረግረጉ ውስጥ ስትደርስ ቆመች። የወልደሰንበት ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ አዳለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሸርተት ስትል ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ሚዜዎቹ ጮኸው ደግፈው ያዟት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሜሳ የሚባል ሰው ወንድም፣ እግር፣ ዕድሜ እንደነበረው ገባው፤ እዚያው በጉልበቱ እንዳለ አለቀሰ።

የኋላው መስኮት ወረደ። ኦቦ ጅሩ አንገታቸውን አወጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው።

«ወልደሰንበት፣ ከዚህ ውስጥ ሆኖ የሚገፋ ሰው አይታይም ለካ» አሉ። «መስታወቱ ትንሽ ነው፣ ክንፏም ይከልላል። ዕድሜዬን ሙሉ እያዩ ነው ጥለውን የሄዱት ስል ኖርኩ። ምናልባት አያትህ አላዩ ይሆን?»

ኦቦ ቱፋ ከመሪው ላይ ዞረው «አዎ በል» እያሉ በዓይናቸው ይለምኑታል። ዮሐንስ የቢሊሴን እጅ ጨብጦ አባቱን ያያል። አንዲት «አዎ» ብቻ ናት የቀረችው፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ያልቃል፣ ሠርጉም ሠርግ ይሆናል። ወልደሰንበት አፉን ከፈተ። እንዲያው ሲያስበው ግን ያቺን መኪና እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል፤ ከእሷ ውስጥ ሆኖ የሰማውንና ያልሰማውን ያውቃል። ሽማግሌው ደግሞ ዓይኑን እያዩት ነው።

«አይታይም፣ ኦቦ ጅሩ» አለ። «ይሰማል ግን። ሰው ሲጮህ እዚያ ወንበር ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሰምተዋል።»

ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዱ ሚዜ «ወይ አምላኬ» አለ።

«እኔም ሰምተዋል እላለሁ» አሉ ኦቦ ጅሩ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ያገኘሁት ሰው ሁሉ፣ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል እያለ ያጽናናኛል። ለሜሳም ሲሞት ‹ሰምተውኛል፣ አይደል ጅሩ?› እያለ ነው የሞተው።»

በሩን ከፍተው ወረዱ። ወልደሰንበት በባዶ እግሩ፣ በጉልበቱ እንዳለ፣ ሁለት እጃቸውን ጭቃ በነካው ራሱ ላይ ጫኑና ኤባውን እዚያው ረግረጉ ውስጥ ጀመሩት።